ካርታው ተስተካክሎ ፉክክሩ የት ገባ?

ጥያቄው አሳጥሬ ሳስቀምጠው ይሄ ነው፦ «አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ዜግነት ባገኘሁ በዓመቱ፣ በ2020፣ ባሎቱ ላይ ዲስትሪክት (የምርጫ ክልል) የሚስል ኮሚሽን ይቋቋም ወይ የሚል ጥያቄ ነበር፣ ፖለቲከኞች በካርታ እንዳይጫወቱ ነው ስላሉኝ ዬስ አልኩ። ካርታው ተቀየረ ተባለ። እኔ ጋ ግን አሁንም ኖቬምበር ሳይደርስ አሸናፊው ይታወቃል። ተሸወድን ማለት ነው? ድምፄስ ምን ዋጋ አለው? ደሞ ባለቤቴ ገና ግሪን ካርድ ነው፣ እሱ በዚህ ነገር ውስጥ ይቆጠራል ወይስ የለም?»

እህቴ፣ አልተሸወድሽም። ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ዬስ ታገኛለሽ ብለው ነው የሸጡልሽ፣ ችግሩ እሱ ላይ ነው። አንዱ ካርታው ያልተጭበረበረ ይሁን የሚለው ነው፣ ሌላው ምርጫው ፉክክር ይኑረው የሚለው ነው። የመጀመሪያው ሲመጣ ሁለተኛው ተከትሎት የሚመጣ ይመስላል፣ አይመጣም፣ እንደውም አንዳንዴ እርስ በርስ ይጣላሉ። እኔ የምሠራው ከሴንሰስ (ከሕዝብ ቆጠራ) ዳታና ከካርታ ጋር ስለሆነ ይሄን ጥያቄ በየሰርጉና በየለቅሶው ነው የምጠየቀው፣ ስለዚህ አንዴ ረዘም አድርጌ ልጻፈውና ልገላገል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

መጀመሪያ ጨዋታው እንዴት እንደሚሠራ በ50 ሰው ላሳይሽ። 50 ሰው ያለበት ሰፈር አለ እንበል፣ 30ው ቡና ወዳጅ፣ 20ው ሻይ ወዳጅ። (ሻይ ስል እዚህ አገር በሻይ ስም የተነሳውን የፖለቲካ እንቅስቃሴ ማለቴ አይደለም፣ ተራውን ሻይ ነው።) አሥር አሥር ሰው እያደረግሽ አምስት ዲስትሪክት ታወጫለሽ። በእያንዳንዱ 6 ቡና 4 ሻይ ካስገባሽ ቡና አምስቱንም ይጠቀልላል፣ 20 ሻይ ጠጪ አንድም ተወካይ የለውም። አሁን ብዕሩ ሻዮቹ እጅ ገባ እንበል። ቡናዎቹን ዘጠኝ ዘጠኝ አድርገው ሁለት ዲስትሪክት ውስጥ ያጭቋቸዋል፣ የቀሩት 12 ቡናዎች ደሞ በሦስቱ ላይ አራት አራት ሆነው ይበተናሉ። ቁጠሪው፣ ሻይ ሦስት፣ ቡና ሁለት። ማንም ሐሳቡን አልቀየረም፣ ማንም ቤት አልቀየረም፣ የተንቀሳቀሰው መስመሩ ብቻ ነው። ማጨቅና መበተን፣ ጄሪማንደሪንግ የሚባለው ነገር በሙሉ ከነዚህ ሁለቱ አይወጣም። ስሙ የመጣው በ1812 የማሳቹሴትስ ገዢ ከነበረው ከኤልብሪጅ ጄሪ ነው፣ እሱ የፈረመበት ካርታ ላይ አንዱ ዲስትሪክት ሳላማንደር የሚባለውን እንሽላሊት መሳይ እንስሳ መሰለና ጋዜጣ ቀለደበት፣ ቀልዱ ይኸው ሁለት መቶ ዓመት አለፈው።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። «እኔ ፉክክር ያለበት ነው የምፈልገው» ካልሽ ሌላ ካርታ ልሳልልሽ። አራት ዲስትሪክት 5 ቡና 5 ሻይ አደርጋለሁ፣ አምስተኛው 10 ቡና ይሆናል። በጣም የሚያምር ፉክክር ነው አይደል? አራት ቦታ ላይ ማን እንደሚያሸንፍ አይታወቅም። ግን በዚያ ዓመት ነፋሱ ትንሽ ወደ ሻይ ከነፈሰ፣ በአራቱ ዲስትሪክት አንድ አንድ ቡና ጠጪ ብቻ ወደ ሻይ ቢዞር፣ ከ50ው 24 ብቻ የሆነው ሻይ 4 ለ 1 ያሸንፋል። ፉክክር ያለበት ካርታና ፍትሐዊ ካርታ አንድ አይደሉም ስልሽ ይሄን ነው። አንዱን ለማግኘት ሌላውን ትንሽ ትከፍያለሽ።

በእውነተኛው ዓለም የመጀመሪያው በሽታ፣ ማጭበርበሩ ማለቴ ነው፣ ቀላል አልነበረም። ዊስኮንሲን በ2018 ዴሞክራቶች በአጠቃላይ ድምፅ ከግማሽ በላይ አግኝተው ከ99 የአሴምብሊ (የስቴቱ የታችኛው ምክር ቤት) መቀመጫ የደረሳቸው 36 ነው። ካርታው ተቀይሮ በ2024 ሲመረጥ 54 ለ 45 ሆነ፣ ሪፐብሊካኖቹ አሁንም አሸነፉ ግን ልዩነቱን እይው። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ደሞ የካርታውን ሥራ ይመራ የነበረው የምክር ቤት አባል በይፋ ስብሰባ ላይ 10 ሪፐብሊካን 3 ዴሞክራት እንዲወጣ ሐሳብ ያቀረብኩት 11 ለ 2 ማድረግ ስለማይቻል ነው ብሎ ተናግሯል፣ አልደበቀውም እኮ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2019 በ5 ለ 4 የፌዴራል ፍርድ ቤት ለፓርቲ ጥቅም የተሳለን ካርታ አይዳኝም ተባለ። የዚያኑ ቀን አብሮ የተወሰነው የሜሪላንድ ጉዳይ ሲሆን እዛ ያጭበረበሩት ዴሞክራቶች ነበሩ፣ ስለዚህ አንዱን ፓርቲ መልአክ አድርጎ የሚያወራሽ ሰው ካለ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ዘመዶችሽን ጠይቂ። ከዚያ ውሳኔ በኋላ ጨዋታው ወደየስቴቱ ሕገ መንግሥት ዞረ፣ አንቺ ዬስ ያልሽበት ወረቀትም የዚሁ አካል ነው።

ቨርጂኒያን ትንሽ ቆየት ብዬ ላውራልሽ፣ ቤታችን ነው።

በ2017 የዴሌጌቶች (የቨርጂኒያ የታችኛው ምክር ቤት) ምርጫ ኒውፖርት ኒውስ ላይ 94ኛው ዲስትሪክት ሁለት ሰዎች ተወዳደሩ፣ ዴቪድ ያንሲ ሪፐብሊካን፣ ሼሊ ሳይመንስ ዴሞክራት። መጀመሪያ ሲቆጠር ያንሲ በ10 ድምፅ መራ። እንደገና ሲቆጠር ሳይመንስ በ1 ድምፅ አሸነፈች። በማግስቱ ዳኞች አንድ የምርጫ ወረቀት አወጡ፣ መራጩ ሁለቱንም ክብ አጥቁሮ ሳይመንስ ላይ ጭረት ያደረገበት፣ ይሄ ለያንሲ ነው አሉ፣ እኩል በእኩል ሆነ፣ 11,608 ለ 11,608። ከዚያ ምን ተደረገ መሰለሽ፣ ዕጣ። ልክ እንደ ዕቁብ። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 ሪችመንድ ላይ ስማቸው በወረቀት ተጽፎ የድሮ ካሜራ ፊልም መያዣ ውስጥ ገባ፣ መያዣዎቹ ሰማያዊ የሸክላ ሳህን ውስጥ ተደረጉ፣ አንዱ ወጣ፣ ያንሲ። በዛ ዕጣ ሪፐብሊካኖች 51 ለ 49 ሆነው ምክር ቤቱን ያዙ። በስቴቱ በሙሉ ሲደመር ግን የዴሞክራት ዕጩዎች ከግማሽ በላይ ድምፅ አግኝተው ነበር። ሰው ሁሉ ሳህኑን አየና ተገረመ፣ እኔን ያስገረመኝ ግን ሳህኑ አይደለም፣ በዚህ ሁሉ ድምፅ መጨረሻው አንድ ሳህን ላይ እንዲደርስ ያደረገው ካርታ ነው።

ከዚያ የ2020 ጥያቄ መጣ፣ ከ100 መራጭ ወደ 66ቱ ዬስ አሉ። የተቋቋመው ኮሚሽን 16 ሰው ነበረው፣ 8 የምክር ቤት አባላት፣ 8 ተራ ዜጎች፣ ከሁለቱም ፓርቲ እኩል። እዚች ጋ ነው ስህተቱ የተቀበረው። እኩል ለእኩል አስቀምጠሽ፣ የሚለያይ ገላጋይ ሳታስቀምጪ፣ ካርታ እንዲያጸድቁ ደሞ ከ8ቱ የምክር ቤት አባላት 6ቱ፣ ከ8ቱ ዜጎችም 6ቱ ይስማሙ ስትይ፣ ሽማግሌ የሌለበት ሽምግልና ነው። ጠበቃ ሲቀጥሩ ሁለት፣ ካርታ ሳይ ሲቀጥሩም ሁለት፣ ለየፓርቲው አንድ አንድ። እንዲህ ተጀምሮ ምን ይጠበቃል፣ ኦክቶበር 8 ቀን 2021 ሦስት የዴሞክራት ዜጋ አባላት ስብሰባውን ጥለው ወጡ፣ ነገሩ በዚያው ቀረ። ካሊፎርኒያ ከዚህ በተሻለ ነው የሠራችው፣ 14 ሰው፣ 5 ከአንዱ፣ 5 ከሌላው፣ 4 ከሁለቱም ያልሆኑ፣ ፖለቲከኛ የሚባል ወንበር የለውም።

ጉዳዩ ለቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፣ ፍርድ ቤቱ ሁለት ባለሙያ ሾመ፣ ከየፓርቲው ዝርዝር አንድ አንድ፣ በርናርድ ግሮፍማንና ሾን ትሬንድ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ተስማምተው ሠሩት። ነባሮቹ ተመራጮች የት እንደሚኖሩ ሳያዩ ነው መስመሩን ያሰመሩት፣ በዚህ ምክንያት ብዙ ዴሌጌትና ሴናተር ጠዋት ሲነሳ ከሥራ ባልደረባው ጋር አንድ ዲስትሪክት ውስጥ ራሱን አገኘው። ስለዚህ ዬስ ያልሽበት ኮሚሽን ወደቀ፣ ዬስ ያልሽለት ነገር ግን በጓሮ በር ገባ።

ውጤቱስ? በ2023 ዴሌጌቶቹ ለዴሞክራቶች 51 ለ 49 ሆኑ፣ ሴኔቱም ለእነሱ 21 ለ 19፣ ቨርጂኒያ ደሞ ያኔ እንደዛ ተቀራራቢ ስቴት ነበረች፣ መስታወት ማለት ነው። በ2025 በዛው ካርታ የዴሌጌቶቹ ቁጥር ለዴሞክራቶች 64 ለ 36 ሆነ። መስመሩን ማንም አልነካውም፣ ነፋሱ ነው የተቀየረው። የአራቱን 5 ለ 5 ዲስትሪክት ነገር አስታወስሽ? ያው ነው። ለእኔ ይሄ ጤነኛ ምልክት ነው፣ ሕዝብ ሲንቀሳቀስ ወንበር አብሮ ከተንቀሳቀሰ ካርታው ሥራውን ሠርቷል። የተጭበረበረ ካርታ እኮ የሚለየው ሕዝቡ ቢያለቅስም ቢስቅም ቁጥሩ ንቅንቅ ስለማይል ነው። ካሊፎርኒያ ከኮሚሽኑ በፊት፣ ከ2002 እስከ 2010፣ 53 የኮንግረስ ዲስትሪክት በአምስት ምርጫ፣ በድምሩ 265 ምርጫ ማለት ነው፣ ከአንድ ፓርቲ ወደ ሌላ የዞረው ወንበር አንድ ብቻ ነበር። አንድ! ሁለቱም ፓርቲዎች ተስማምተው ነባሮቹን ሁሉ ያቀፈ ካርታ ስለሳሉ ነው፣ ጠላት የሚመስሉት ሰዎች የሚስማሙት በዚህ ጊዜ ነው።

እሺ፣ «ታዲያ እኔ ጋ ለምን አይንቀሳቀስም?» አንቺ ጋ ችግሩ መስመሩ አይደለም፣ ጎረቤቶችሽ ናቸው። አትቀየሚኝ። አሌክሳንድሪያና ጎረቤቷ አርሊንግተን በ2024 ለፕሬዚዳንት ከመረጠው ሰው ከአራት ሦስቱ ያህሉ ዴሞክራት ነው የመረጠው፣ የኮንግረስ ተወካይሽ ዶን ባየር በ2022ም በ2024ም ከ70 በመቶ በላይ ነው ያገኘው። አንድ ማታ ዴቭስ ሪዲስትሪክቲንግ የሚባለውን ነፃ ዌብሳይት ከፍቼ (አንቺም ሞክሪው፣ ልጆችሽ ካንቺ ፈጥነው ይለምዱታል) እስቲ የአንቺን ሰፈር ፉክክር ያለበት ላድርገው ብዬ ተቀመጥኩ። ሩት 29ን (የድሮውን ሊ ሃይዌይ) ይዤ ወደ ምዕራብ ሄድኩ፣ አልበቃም፣ ፎኪየር ካውንቲን ጨመርኩ፣ አልበቃም፣ ተራራውን ተሻግሬ ሸናንዶዋ ሸለቆ ገባሁ፣ የሚለቀም የሪፐብሊካን ድምፅ ፍለጋ። ስጨርስ ያወጣሁት ነገር ግማሹ ዱክ ስትሪት ላይ የተንጠለጠለ፣ ጭራው የፖም እርሻ ውስጥ የገባ፣ ጄሪ ራሱ ቢያየው የሚያፍርበት ቅርፅ ነው። ፉክክር መጣ፣ ግን አፓርታማ ኪራይ የጨመረበት የታክሲ ሾፌርና የከብት መኖ የጨመረበት ገበሬ በአንድ ሰው ሊወከሉ ነው። ይሄን ነው ሪፎርም የምትይው?

ሰው እንደየአመለካከቱ ተሰብስቦ ነው የሚኖረው፣ ከተማው ወዲህ፣ ገጠሩ ወዲያ። በዛ ላይ መራጩ ድሮ እንደሚያደርገው አይቀላቅልም። በ1980ዎቹ ፕሬዚዳንት ከአንዱ ፓርቲ፣ ኮንግረስ ከሌላው የመረጠ ዲስትሪክት ከመቶ በላይ ነበር፣ በ2024 ከ435ቱ 16 ብቻ ናቸው። ይሄን ኮሚሽን አይፈታውም፣ ዳኛም አይፈታውም። በመላ አገሩ በእውነት አጓጊ የሚባለው የኮንግረስ ወንበር ከአሥር አንዱ ቢሆን ነው። አይዋን ውሰጂ፣ እዛ ከ1981 ጀምሮ ካርታውን የሚያዘጋጁት የምክር ቤቱ የፓርቲ ወገን የሌላቸው ሠራተኞች ናቸው፣ የተመራጮችን አድራሻም ሆነ የድሮ ምርጫ ውጤትን ማየት በሕግ ክልክል ነው፣ ከዚህ የበለጠ ንጹህ አሠራር ልትስይ አትችይም። እዛ በ2020 አንድ የኮንግረስ ወንበር በ6 ድምፅ ተወስኗል። በዚያው አሠራር አዲስ ካርታ የሳለችው አይዋ ግን በ2022ም በ2024ም አራቱንም ወንበር ለሪፐብሊካን ነው የሰጠችው። ንጹህ ካርታ እኩል ክፍፍል አይሰጥሽም ማለት ነው፣ ያለውን ነው የሚያሳይሽ።

(ከአገር ቤት ለሚያነቡ፦ ኢሕአዴግና አጋሮቹ በ2007 ዓ.ም. ፓርላማውን በሙሉ ሲወስዱ ነገሩ የመስመር ጉዳይ አልነበረም፣ ስለዚህ ያንን እዚህ አምጥታችሁ አታነጻጽሩብኝ፣ ሌላ በሽታ ነው።)

ወደ «ድምፄ ምን ዋጋ አለው» ልመለስ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ብዙ ሐበሻ ሲሳሳት አያለሁ። ኖቬምበር ላይ ፉክክር ከሌለ ፉክክሩ ጠፋ ማለት አይደለም፣ ወደ ፕራይመሪ ሄዷል፣ ፓርቲው ዕጩውን ወደሚመርጥበት ቅድመ ምርጫ ማለት ነው። በ2023 ጁን የፕራይመሪ ቀን የምርጫ አስፈጻሚ ሆኜ አንድ የትምህርት ቤት ጂም ውስጥ ነበርኩ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት። ሰው የለም። ከእኛ ጋር የምትሠራ አንዲት አሮጊት ሹራብ ትሠራ ነበር፣ ጠዋት ክር ሆኖ የመጣው ነገር ማታ እጅጌ ወጥቶለታል። «መረጥኩ» የሚለው ስቲከር ጥቅልሉ ሳያልቅ ወደ ሳጥኑ ተመለሰ። በዛ ቀን ግን ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ የሆነውን ልንገርሽ፣ ለብዙ ዓመታት ሴናተር የነበሩት ቻፕ ፒተርሰን ባንግላዲሽ በተወለደው በሳዳም አዝላን ሳሊም ተሸነፉ፣ ጆርጅ ባርከር ደሞ በስቴላ ፔካርስኪ ተሸነፉ። ባርከር ማን ናቸው ካልሽ፣ እዛው ካርታ ኮሚሽን ላይ አባል ከነበሩት ሴናተሮች አንዱ! ኮሚሽኑ ካርታ ቢያጸድቅ ኖሮ ምናልባት ሰፈራቸው አብሯቸው ይቆይ ነበር፣ ባለሙያዎቹ ግን የማን ቤት የት እንደሆነ አላዩም፣ ዲስትሪክቱ አብዛኛው አዲስ ሆነባቸው፣ በማያውቃቸው መራጭ ፊት ነባር መሆን ዋጋ የለውም። የካርታ ሪፎርም በእርግጥ የሰጠን ነገር ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ፓርቲ ከፓርቲ ባያፋልምም ወንበሩን የርስት መሬት ያደረገውን ሰው ያስነሳዋል።

እንግዲህ አንቺ ኖቬምበር ላይ ስትመርጪ ከመቶ ሺዎች አንዷ ነሽ፣ ፕራይመሪ ላይ ግን የአንዲት ቤተክርስቲያን የእሁድ ምእመን ያህል ሰው የአንድን ሴናተር ዕጣ ሊወስን ይችላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ስትመዘገቢ ፓርቲ አትጠየቂም፣ ፕራይመሪ ቀን ከሁለቱ አንዱን መርጠሽ ትገቢያለሽ፣ ሁለቱንም ግን አይቻልም። ሜሪላንድ እንደዚህ አይደለም፣ እዛ ቀድመሽ በፓርቲው ካልተመዘገብሽ የፓርቲውን ፕራይመሪ አትመርጪም፣ ብዙ ወገን «ገለልተኛ» ብሎ ተመዝግቦ ወሳኙ ቀን ላይ በሩ ተዘግቶበት ይቆማል።

ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የለም ወይ? አለ፣ ግን መስመር በማስመር አይመጣም። አንድ ዲስትሪክት አንድ ሰው ብቻ ይወክል በሚለው ሕግ ውስጥ ሆነሽ የምትስይው ካርታ ሁሉ አንዱን ወገን ሜዳ ላይ ይተዋል፣ ለኮንግረስ ደሞ ከ1967 ጀምሮ አንድ ዲስትሪክት አንድ ተወካይ በፌዴራል ሕግ ግዴታ ነው። ከአንድ ሰፊ ዲስትሪክት ሦስት አምስት ሰው በድምፃቸው መጠን ቢገቡ አሌክሳንድሪያ ያለው ሪፐብሊካንም ሸናንዶዋ ያለው ዴሞክራትም የሚደውልለት ተወካይ ይኖረው ነበር። አርሊንግተን ለካውንቲ ቦርድ ፕራይመሪ በ2023 ዕጩዎችን 1፣ 2፣ 3 ብሎ በደረጃ መምረጥ ጀምራለች፣ ትንሽ ነገር ናት ግን አቅጣጫው እሱ ነው።

አንድ የሚያናድደኝን ሳልናገር አላልፍም። ኮሚሽን የሚሠራው ሌላውም ሲታቀብ ነው። በ2025 ኦገስት ቴክሳስ የአሥር ዓመቱን ሴንሰስ ሳትጠብቅ ለሪፐብሊካን አምስት ወንበር ለመጨመር ካርታዋን ቀየረች፣ ካሊፎርኒያ ኖቬምበር ላይ ሕዝቡ በ64 በመቶ አጽድቆ የኮሚሽኑን የኮንግረስ ካርታ ለጊዜው ወደ ጎን አደረገች፣ የእኛም ምክር ቤት በ2025 ኦክቶበር መጨረሻ ኮሚሽኑን የሚያልፍ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጀመረ። እሱ ድንጋይ ወረወረ እኔም እወረውራለሁ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፣ አንዱ ብቻውን ጨዋ ሆኖ ሌላው ቢዘርፍ ጨዋው ሞኝ ነው የሚባለው። ግን አንዴ በአሥር ዓመት የነበረውን የካርታ ጦርነት በየሁለት ዓመቱ ካደረጉት፣ አንቺ ተወካይሽን ስሙን ሳትለምጂ ይቀየራል፣ ፉክክር ስላለ ሳይሆን መስመሩ ስለሄደ።

የባለቤትሽ ጉዳይ። አዎ፣ ይቆጠራል። ዲስትሪክት የሚከፋፈለው በመራጭ ብዛት አይደለም፣ በሴንሰስ በተቆጠረው ነዋሪ በሙሉ ነው፣ ዜጋ ሆነ አልሆነ፣ ሕፃንም ጭምር። መምረጥ በሚችል ሰው ብዛት ይከፋፈል የሚል ክስ ከቴክሳስ ተነስቶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 ስቴቶች በጠቅላላ ሕዝብ መከፋፈል ይችላሉ ብሎ ወስኗል። ስለዚህ የሴንሰስ ሰው በር ሲያንኳኳ «እኔ ግሪን ካርድ ነኝ አይመለከተኝም» ብሎ እንዳይመልሰው፣ የሚቀጥለው በ2030 ነው። ግን መቆጠርና መምረጥ ሌላ ሌላ ነው፣ ዲኤምቪ (የመንጃ ፈቃድ ቢሮው) ሄዶ መንጃ ፈቃድ ሲያድስ ስክሪኑ ላይ ስለ ዜግነትና ስለ መራጭነት ምዝገባ ጥያቄ ይመጣል፣ ሰው ሰልፉ እንዲያልቅለት ዬስ ዬስ እያለ ይጫናል፣ ዜጋ ያልሆነ ሰው እዛ ላይ ዬስ ካለ የዜግነት ኢንተርቪው ቀን ፋይሉ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። እዛች ጥያቄ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ አንብቦ ኖ ይበል።